ወራጅ አለ! ነዳጅ ሲወደድ ከመኪናው የሚወርደው ማን ነው?

በአዲስ አበባ ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት አጭር ሐረግ አለች፤ «ወራጅ አለ!» ትባላለች። ተሳፋሪው መድረሻው ሲቃረብ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራታል፤ ሾፌሩም ጥግ ይይዛል። ሐረጓ የምትነገረው በወራጁ አንደበትና በወራጁ ፈቃድ ነው። ነዳጅ በተወደደ ቁጥር ግን ማንም ሳይናገራት፣ ማንም ሳይጠይቀው የሚወርድ ሕዝብ አለ። ይህ ጽሑፍ ስለ እርሱ ነው።

ባለፉት ዓመታት በስብሰባ አዳራሹም፣ በጋዜጣው ዓምድም፣ በቡናው ጠረጴዛ ዙሪያም ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ አስተያየት አለ። ሕዝቡ ነዳጅን እንደ ውኃ ሲያባክን ኖሯል፤ ዋጋው እውነተኛ ልኩን ሲይዝ ግን ቁጠባን ይማራል፤ መኪናውን አቁሞ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ አላስፈላጊ ጉዞውን ይቀንሳል የሚል ነው። ባጭሩ ዋጋ ጥሩ አስተማሪ ነው ይሉናል። ነገሩ በሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ያማረ ነው፤ መንገድ ላይ ሲወጣ ግን ይሰናከላል። ብዕሬን ያነሣሁትም ይህን አስተያየት ለመሞገት ነው።

አስቀድሜ ግን ለተቃራኒው ወገን የሚገባውን ልስጥ፤ ሚዛን የሌለው ሙግት ጭቅጭቅ ነውና። በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው የነዳጅ ድጎማ ፍትሐዊ አልነበረም። ድጎማው የሚፈስሰው በሊትር ልክ ስለነበር ብዙ የሚያቃጥል ብዙ ይደጎማል፤ በእግሩ የሚሄድ ምንም አይደርሰውም። ሁለት መኪና ያለው ባለጸጋ ከመንግሥት ካዝና የሚያገኘው ድርሻ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ሚኒባስ ከሚሳፈረው ሠራተኛ ድርሻ እጅግ ይበልጥ ነበር። ከዚህም በላይ የአገር ውስጡ ዋጋ ከጎረቤት አገሮች ዋጋ ሲያንስ ነዳጁ በበርሜልና በጄሪካን ድንበር ይሻገራል፤ ድኻዋ አገር የሌላውን ገበያ ስትደጉም ትኖራለች። ይህ ነዳጅ ደግሞ በብርቅ የውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ተጭኖ፣ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ የሚደርስ ነው። ስለዚህ «ርካሹ ነዳጅ ይመለስልን» የሚል አቤቱታ አላቀርብም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው።

የሆነውን በቁጥር እናስታውስ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የታለመ ድጎማ የተባለው አሠራር ሲጀመር፣ በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ወደ 48 ብር ይጠጋ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በ2017 ዓ.ም. የገና ሰሞን የሊትሩ ዋጋ 101 ብርን ተሻገረ። በሁለት ዓመት ተኩል ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። በኬንያም በነዳጅ ላይ የሚጣለው የተጨማሪ እሴት ታክስ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ከ8 ወደ 16 በመቶ ከፍ አለ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ወር ናይሮቢ ውስጥ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ200 ሽልንግ በላይ ሆነ። በእነዚህ ዓመታት ደመወዙ በዚሁ ፍጥነት ያደገለት ሠራተኛ ካለ እጁን ያውጣ።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ጭማሪ የመንዳት ልማዳችንን ለውጦታል ወይ? አዎን፣ ለውጦታል። ቁም ነገሩ ያለው ምኑን ለወጠው የሚለው ላይ ነው። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አልሄድም፤ የመጀመሪያው ተከሳሽ እኔው ነኝ።

አንዲት አሮጌ ኮሮላ አለችኝ። በእኛ ሰፈር መኪና ያለው ሰው መኪናው የብቻው አይደለችም። ምጥ የያዛት ሴት ቤተሰቦች በሌሊት በሩን የሚያንኳኩት የእርሱን ነው። ለቅሶ ሲኖር አረጋውያኑን ወደ ቀብር የሚያደርሰው፣ ሠርግ ሲሆን ሚዜዎቹን የሚጭነው፣ በክረምት ዝናብ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናትን በመንገድ ላይ ሲያገኝ በሩን የሚከፍተው እርሱ ነው። «ስንት ሊትር ፈጀብህ?» የሚለው የለም፤ እርሱም አይቆጥርም ነበር። «ነበር» ያልሁት አውቄ ነው።

የሊትሩ ዋጋ መቶ ብርን ሲያልፍ ወጪዬን በደብተር መያዝ ጀመርሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደብተሩን ገልጬ ምን እንደቀነስሁ ተመለከትሁ። ጠዋት ጠዋት አራት ባዶ ወንበር ይዤ ብቻዬን ወደ ሥራ የምነዳውን ጉዞ አልቀነስሁም። ማታ ከወዳጆቼ ጋር ለመጫወት የምሄደውንም እምብዛም አልነካሁትም። የቀነስሁት ሌላ ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቢሾፍቱ ድረስ እየሄድሁ እጠይቃቸው የነበሩትን አክስቴን በስልክ መጠየቅ ጀምሬአለሁ። የሩቅ ዘመድ ለቅሶ ላይ «መልእክት ልኬአለሁ» ማለትን ለምጄአለሁ።

ከሁሉ የከፋውን ደግሞ ልናገር። አንዲት አዛውንት ጎረቤት አሉኝ። ለዓመታት በወር አንድ ጊዜ ለሐኪም ቀጠሯቸው አደርሳቸው ነበር። አንድ ማለዳ በሬ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው አገኘኋቸውና፣ «እማማ፣ ዛሬ መኪናዋ ትንሽ አሟታል» አልኋቸው። መኪናዋ ደኅና ነበረች፤ የታመምሁት እኔ ነበርሁ። እርሳቸውም ፊቴን ጥቂት አይተው «ግድ የለም ልጄ፣ እግር አለኝ» አሉኝና ወረዱ። ከመኪና ሳይሳፈሩ ወረዱ።

ከዚህ ውርደቴ አንድ ነገር ተማርሁ። ዋጋ ጉዞን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ከንቱውን ከቁም ነገሩ ለይቶ አይደለም። የሚቀንሰው ሊቀነስ የሚችለውን ነው። የሥራ ጉዞ አይቀነስም፤ እንጀራ ነውና። የክብር ጉዞም አይቀነስም፤ ባለ መኪና ሆኖ በእግር መታየት በእኛ ዘንድ እንደ መውደቅ ይቆጠራልና። የሚቀረው አለቃ የማያስገድደው፣ ደመወዝ የማይከፈልበት ጉዞ ነው፦ የታመመ መጠየቅ፣ ለቅሶ መድረስ፣ ወላጅን ማየት፣ ጎረቤትን ማድረስ። ይህን በሒሳብ ሰሌዳው ላይ «አላስፈላጊ ጉዞ» ብሎ የሚመዘግብ ባለሙያ ካለ፣ ሕዝቡን አያውቀውም። ቁጠባ ተብሎ የተመሰገነልን፣ ለካ ከደግነታችን ላይ የተቆረጠ ነው። «ከራስ በላይ ነፋስ» የምትለው ምሳሌ እንደዚህ ዘመን ነዳጅ ቀድታ አታውቅም።

እኔ አንድ ሰው ነኝ። እስቲ ሰፋ አድርገን ነጂዎችን በሦስት ከፍለን እንያቸው።

የመጀመሪያው የማይከፍለው ነው። የመሥሪያ ቤቱን ትልቅ መኪና ይዞ ስብሰባ የገባውን ሹም ሾፌሩ በር ላይ ሞተር ሳያጠፋ፣ ማቀዝቀዣውን ሳይዘጋ ይጠብቀዋል። ነዳጁ የሚቀዳው በመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ነው። የሊትሩ ዋጋ 20 ብር ቢሆን ወይም 200 ቢሆን ለዚህ ሰው ያው ነው። ዋጋ አስተማሪ ነው ካልን፣ ይህ ተማሪ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ አልደረሰም። የየድርጅቱና የየተቋሙ ባለ ሰፊ ጎማ መኪኖችም ከዚሁ ይቆጠራሉ። የሚያስገርመው፣ ስለ ቁጠባ አብዝቶ የሚሰብከን ብዙ ጊዜ ከዚህ ወገን መሆኑ ነው።

ሁለተኛው የሚያስተላልፈው ነው። የሚኒባስ ሾፌሩን ልወቅሰው አልነሣሁም፤ ለመኪናው ባለቤት በቀን የሚያስገባው ገቢ አለበት፤ ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ ያሳለፈው ሰዓት ሁሉ ከልጆቹ ጉርሻ ይቀነሳል። ይሁን እንጂ ዋጋው በጨመረ ቁጥር የሚያደርገውን ሁላችንም እናየዋለን። በአንድ ሒሳብ ይሄድበት የነበረውን መንገድ ለሁለት ቆርጦ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ ትርፍ ይጭናል። መኪናው ካልሞላ አይነቃነቅም፤ ተሳፋሪውም በሥራ ሰዓቱ ይከፍልለታል። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወርደው ቁልቁለት ማርሹን ነፃ አድርጎ፣ አንዳንዱም ጨርሶ ሞተሩን አጥፍቶ ይለቀዋል። ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥ ኃይል እንደሚደክም፣ መሪውም እንደሚከብድ ሾፌሩ ያውቃል። የጥቂት ብር ነዳጅ ለማትረፍ የሚያስይዘው ግን የራሱን ሕይወት ብቻ አይደለም፤ ከኋላው የተቀመጡትንም ነው። በናይሮቢ ማታቱዎች ዘንድ ደግሞ ታሪፉ በዝናብና በሥራ መውጫ ሰዓት እንደሚወጣ የከተማው ሕዝብ ሁሉ ያውቀዋል። ይህም የመንዳት ልማድ ለውጥ ነው፤ ግን ቁጠባ ብለን ልናመሰግነው ነውን?

ሦስተኛው የሚሸከመው ነው፤ ባለ አሮጌ መኪናው፣ ባለ ባጃጁ፣ ባለ ሞተር ብስክሌቱ። የእርሱን ነገር ከራሴ ጋር ተናግሬአለሁ።

ከእነዚህ ከሦስቱም በታች ግን አንድ ሌላ ሰው አለ፤ ነጂ ስላልሆነ ስለ መንዳት ልማድ ሲወራ ማንም አያስታውሰውም። እርሱ እግረኛው ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረገው የዕለት ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር እንደሆነ የከተማው የትራንስፖርት ጥናቶች ደጋግመው መዝግበዋል። በናይሮቢም ከድኻ ሰፈሮች ተነሥቶ ወደ ፋብሪካዎቹ አካባቢ በማለዳ የሚጎርፈውን የእግረኛ ሠራተኛ ብዛት ያየ ያውቀዋል። የነዳጅ ዋጋ ከላይ ሲጨምር ሰው ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ይገፋል። ከራሱ መኪና የወረደው ሚኒባሱን ያጣብባል፤ ከሚኒባሱ የወረደው ወደ አውቶቡስ ሰልፍ ይሄዳል፤ ከሰልፉ የተገፋው በእግሩ ይጓዛል፤ ቀድሞውንም በእግሩ ይጓዝ የነበረው ደግሞ ሩቅ ያለውን ሥራ ይተወዋል። የመጨረሻው ሰው የሚወርድበት ሌላ ደረጃ የለውም። ቲማቲሙና ሽንኩርቱ በናፍጣ እየተጫነ የሚመጣ ነውና፣ መኪና ረግጦ የማያውቀው እግረኛ የነዳጁን ዋጋ ከወጡ ውስጥ ያገኘዋል። በአዲስ አበባ መንገዶች በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን ደግሞ ስንጨምርበት፣ ያልነዳው ሰው ለነጂዎች ሁለት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው።

ታሪክንም እናማክር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በአረቦችና በእስራኤል መካከል የተነሣው ጦርነት በዓለም ላይ የነዳጅን ዋጋ ሰቀለው። ጭማሪው አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራኑም የራሳቸውን ጥያቄ ይዘው በዚያው ቀን ተነሡ። መንግሥት በቀናት ውስጥ ዋጋውን መልሶ ቀነሰ፤ ግን ነገሩ ከእጅ ወጥቶ ነበር። የካቲት ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ዘውዱን የጣለው ቤንዚን ነው ማለቴ አይደለም፤ የወሎ ረኃብ፣ የመሬት ጥያቄ፣ የወታደሩ ብሶት ነበር። ቤንዚኑ ግን ክብሪቱን አገኘ።

በጎረቤቶቻችንም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2011 በኡጋንዳ የነዳጅና የምግብ ዋጋ ሲንር ተቃዋሚዎች «ወደ ሥራ በእግር እንሂድ» ብለው ወጡ። የተቃዋሚው መሪ ኪዛ ቤሲጄ በተደጋጋሚ ታሰሩ፤ በእግር መሄድ ራሱ እንደ ወንጀል ተቆጠረ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 የሱዳን መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ሲያነሣ በካርቱምና በሌሎች ከተሞች ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ ብዙ ሰውም በጥይት ሞተ። ከእነዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ሕዝብ የሚቆጣው ዋጋ ስለጨመረ ብቻ አይደለም። ሸክሙ እኩል አለመከፈሉን ሲያይ ነው። ሰው ከጎረቤቱ ጋር አብሮ ሲራብ ይታገሣል፤ እርሱ በእግሩ ሲሄድ ቁጠባ የሰበከው ሰው በመኪና ጭቃ ሲረጭበት ግን አይታገሥም።

«መፍትሔው የኤሌክትሪክ መኪና ነው» የሚል መልስ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። ከራስ ወንዝ በሚገኝ ኃይል መንቀሳቀስ በዶላር ከሚገዛ ነዳጅ እንደሚሻል የሚከራከር የለም፤ እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛው አስቀድሞ ገንዘብ ያለው ነው። ነዳጅ ሲወደድ እርሱ ወደ አዲሱ መኪና ያመልጣል፤ ማምለጫ የሌለው ከአሮጌው ጋር ይቀራል። ሃምሳ ሰው በሃምሳ መኪና ብቻ ብቻውን ከሄደ፣ መኪናው በቤንዚን ሄደ በኤሌክትሪክ መንገዱን የሚዘጋው እኩል ነው። ለእግረኛውም ያለ እግረኛ መንገድ የምታልፈው መኪና ድምፅ የሌላት መሆኗ ብቻ ነው ልዩነቱ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ተቃውሞ ብቻ ይዞ መምጣት ቀላል ነውና የበኩሌን ልበል።

በመጀመሪያ ቁጠባ ከሰባኪው ይጀምር። እያንዳንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በዓመት ስንት ሊትር ነዳጅ እንዳቃጠለና ስንት መኪና እንዳሰማራ ለሕዝብ ይፋ ያድርግ። ስለ ትራንስፖርት የሚወስን ሹም ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ በአውቶቡስ ተሰልፎ ወደ ሥራው ይግባ። ይህ የነዳጅ ወጪን ስለሚያድን አይደለም፤ ሰልፉ ላይ የሚሰማው ነገር በአዳራሹ ስለማይሰማ ነው።

ሁለተኛ፣ ከድጎማ የዳነው ገንዘብ ለወረደው ሰው ይታይ። አውቶቡስ ሆኖ ይምጣ፤ ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መሥመር ሆኖ ይምጣ፤ ጉድጓድ የሌለበት፣ መብራት ያለው፣ በክረምት የማይዋኝበት የእግረኛ መንገድ ሆኖ ይምጣ። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው ዕለት መልካም ጅምር ነበር። ግን ስሙ ራሱ ይመሰክርብናል፤ በወር አንድ እሑድ ለሰው ከሆነ፣ የቀሩት ቀናት የማን ናቸው? የአሥመራ ሕዝብ ብስክሌትን እንደ ድኽነት ምልክት አላየውም፤ ሠራተኛውም አዛውንቱም ይጓዝበታል። ከዚያች ከተማ የወጣው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ጊዜ ቀድሞ ገብቶ አረንጓዴውን ማሊያ ለብሷል። ጀግና የሚበቅለው ልማድ በተዘራበት መሬት ላይ ነው።

ሦስተኛው የእኛው የባለ መኪናዎች ነው። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይላሉ። ባዶ ወንበር ይዞ ስለ ነዳጅ መወደድ ማማረር ያሳፍራል። በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ጎረቤታሞች ነዳጁን ተጋርተው በአንድ መኪና ቢሄዱ የማንም ክብር አይጎድልም። እድራችን ድንኳንና ሳሕን በጋራ መግዛትን ከጥንት ያውቅበታል፤ በሽተኛና አረጋዊ ለሚያደርስ መኪና የነዳጅ ሣጥን ማቋቋም እንዴት ያቅተዋል? ዋጋው የበተነውን ጉዞ መልሶ መሰብሰብ የምንችለው እንዲህ ነው። ዋጋ ሊያስተምረን ከሆነም ይህን ያስተምረን።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት ወደ አዛውንቷ ጎረቤቴ ሄድሁ። የሚቀጥለውን ቀጠሯቸውን ጠይቄ በዕለቱ በማለዳ በራቸው ላይ ቆምሁ። እሺ ብለው ገቡ። መንገድ ላይ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፤ መረቁኝም። ሐኪም ቤቱ በር ስንደርስ ግን ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንድ የተጨማደደ መቶ ብር አወጡና መቀመጫው ላይ አኖሩት። «እማማ፣ ይህ ምንድን ነው?» አልኋቸው። «ለነዳጁ ነው ልጄ፤ ተወዷል አይደል?» አሉኝ።

በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ብሩን መልሼ በግድ እጃቸው ላይ አደረግሁት፤ ያን ቃል ግን የምመልስበት ቦታ አላገኘሁም። የነዳጅ ዋጋ አንድ ቀን ይወርድ ይሆናል፤ በእናትና በልጅ መካከል አንዴ የገባ ሒሳብ ግን እንደ ገባ አይወጣም። ቁጠባን የምትሰብኩን ሆይ፣ ስታሰሉ ይህንንም ደምሩበት። ወራጅ አለ፤ ደግሞም ወራጁ መድረሻው አልደረሰም።